ግድግዳውን የሰነጠቀው ሳቅ

ለተከበሩ አቶ ሠረቀብርሃን
የቅዳሜ ከሰዓት የአረጋውያን ማኅበር ሊቀ መንበር
አሌክሳንድሪያ

ጉዳዩ፦ ስለ አዳራሹ ግድግዳ፣ ስለ አሮጌዎቹ የእንግሊዝ ፊልሞችና በእርስዎ ትእዛዝ ስለተከለከለው ሳቅ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎ እንዲሁም ከድልድዩ ማዶ ካለው ሰፈርዎ ከአሌክሳንድሪያ ወደ እኛ የሚያመጣዎ ንጹሕ መኪናዎ እንደምን ሰነበታችሁ? የወገብዎ ሕመም እንደተሻለዎት ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ የሚተኙበት ቤት ግድግዳም እስከ ረጅም ዘመን ቀጥ ብሎ እንዲቆይልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው፣ በተለይም ከምድር በታች ያለውን የሕንፃችንን የቤዝመንት አዳራሽ የምናውቀው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እስከ ዛሬ ደኅና ነን። «እስከ ዛሬ» ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል።

ስሜ ዕድላዊት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፕሮጀክተሩ ጎን ተቀምጬ መብራት የማጠፋና የማበራ፣ ሰው ሲያናግረኝ ጫማዬን የማይ ልጅ ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ስለ ግድግዳው ስንጥቅ ልነግርዎ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። እርስዎም ስልክዎን ከጆሮዎ ሳያወርዱ «ጮክ በይ የኔ ልጅ፣ አይሰማም፣ ጮክ በይ» አሉኝ። ጮክ ማለት ስላልሆነልኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ አሁንም ስላልሆነልኝ ነው የምጽፈው። አማርኛ በትምህርት ቤት የተማርኩት አዲስ አበባ እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ስሕተት ካገኙ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ግድግዳውን ግን እባክዎ በቀለም አያርሙት።

በአሳንሰሩ ውስጥ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የቅዳሜው የፊልም ፕሮግራም እንደተዘጋ፣ ፊልሞቹ ያረጁና ርካሽ እንደሆኑ፣ ለአረጋውያን ክብር እንደማይመጥኑ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ከመጠን ያለፈ ሳቅና እግር መምታት የአዳራሹን ግድግዳ እንደሰነጠቀው» ይናገራል። አዳራሹም ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለሕፃናት የአማርኛ ትምህርት ይውላል፤ ሕፃናቱ ጸጥ ብለው ስለሚማሩ ለግድግዳውም እንደሚሻል ተጽፏል። እንዲህ ያለ ምርመራ በማየቴ ያደረብኝን አክብሮት በቃል መግለጽ አልችልም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩

ፊልሞቹን «ርካሽ» ስላሏቸው አመሰግናለሁ፤ እውነት ነውና። ፊልሙን የሚያሳዩን ጋሽ ገላው ዲቪዲ የሞላበትን ካርቶን እንዳለ የገዙት እዚያው እርስዎ ሰፈር፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ዲቪዲዎቹን ሲያራግፍ ነው። የገዙትም በስሕተት ነው። ሽፋኖቹ ላይ መለዮ የለበሱ የእንግሊዝ ወታደሮችና አንድ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ስላዩ የጦርነት ታሪክ መስሏቸው ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አዛውንቱ ሁሉ ለቁም ነገር ተዘጋጅተው መጡ። ወሎ ተወልደው እዚህ በፓርኪንግ ሥራ ያረጁት ጋሽ ጀላልዲን ከረባት አስረው ነበር። እትዬ ባዩሽ ጦርነት ካለ ለቅሶ አይቀርም ብለው አንድ ፓኮ ሶፍት ይዘው መጡ። መብራቱን አጠፋሁ። ጄኔራሉ በሰልፉ ፊት ቆመ፣ ጢሙን ጠመዘዘ፣ ትእዛዝ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ሱሪው ወለቀ።

ማንም አልሳቀም። እነዚህ ሰዎች ጄኔራል ሲያዩ ዝም ማለትን በሌላ ዘመን፣ በሌላ መንገድ ተምረዋልና ሊሳቅበት ይፈቀድ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ጄኔራሉ ሱሪውን ሊያነሣ ሲያጎነብስ ከኋላው ያለውን ግንብ በመቀመጫው ነካው፤ ያ ሁሉ ድንጋይ እንደተሰጣ ልብስ ተወዛወዘ። ያን ጊዜ ጋሽ ጀላልዲን ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ወላሂ ካርቶን ነው! ግንቡም ካርቶን፣ ሰውየውም ካርቶን!» አሉ። ከዚያ በኋላ ሳቁን የሚመልሰው አልተገኘም። የእትዬ ባዩሽ ሶፍትም አልባከነም፤ ሁሉም እንባውን ጠረገበት።

ከዚያ ወዲህ እነዚህን ፊልሞች ከአዳራሹ ሰው ሁሉ አብልጬ ሳላያቸው አልቀርም፤ ሰው ከማየት ፊልም ማየት ይቀለኛል። የሠሯቸው ሰዎች ገንዘብ እንዳልነበራቸው ያስታውቃል። በአንዱ ፊልም የሆስፒታል የነበረው ደረጃ በሌላው የሆቴል፣ በሌላው ደግሞ የእስር ቤት ደረጃ ሆኖ ይመጣል፤ የሚቀየረው ምንጣፉ ብቻ ነው። በረሃ ነው በተባለበት ቦታ ሰዎቹ በተናገሩ ቁጥር ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። ባሕሩ የተቀባ አንሶላ ነው፤ አንድ ቀን አንሶላው ላይ ዝንብ ስትሄድ አይቻለሁ። ዛሬ ሐኪም የነበረው ተዋናይ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌባ ሆኖ ሲመጣ አዛውንቱ «ውይ፣ ከሆስፒታሉ አባረሩት ማለት ነው» ብለው እንደ ጎረቤት ያዝኑለታል። እዚህ አገር መጥቶ ሙያው የተለወጠበት ሰው ለሞላበት አዳራሽ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

እኔ የወደድኩላቸው ድህነታቸውን አለመደበቃቸውን ነው። ፊልሙ «ግንቤ ካርቶን ነው፣ እኔም አውቃለሁ አንተም ታውቃለህ፣ ና አብረን እንሳቅ» የሚል ይመስለኛል። ከሥራ የደከመ ሰው ገብቶ እንዲስቅባቸው ተሠሩ፤ ከስንት ዘመን በኋላም፣ ቋንቋውን በቅጡ በማይሰሙ ሰዎች መካከል፣ በሌላ አገር ቤዝመንት ውስጥ ሥራቸውን ይሠራሉ። ይህን ያህል የሚያገለግል ርካሽ ዕቃ የት እንደሚገኝ ቢጠቁሙኝ ለእናቴ እገዛላት ነበር።

፪

ፊልሞቹ «ለአረጋውያን ክብር አይመጥኑም» ላሉት ደግሞ በግማሽ ልስማማ። ሴት ሁሉ ወንድ እያባረራት ለመሮጥ የተፈጠረች የሚመስልባቸው አሉ፤ እነሱ ሲመጡ እትዬ ባዩሽ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው፣ እናት የለውም?» ብለው ስክሪኑን ይሰድባሉ። አንድ ቀን ደግሞ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የተቀቡ ነጮች አፍሪካውያን ነን ብለው እየዘለሉ መጡ። ጋሽ ገላው ተነሥተው ዲቪዲውን አወጡና «ይኸኛውን የሠሩት ገንዘብም ቀልድም ባለቀባቸው ቀን ነው» ብለው ሌላ አስገቡ። ማስታወቂያ አልለጠፉም፤ ስብሰባም አልጠሩም። ክብርን መጠበቅ እንዲህም ይቻላል መሰለኝ።

ስለ ጋሽ ገላው ልማድ ሳያውቁ ቀርተው ከሆነ ልግለጽልዎ። እሳቸው በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ አንድ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር፤ ፊልሙን ቆሞ በአማርኛ የሚተርከው ሰው ሲቀር ደግሞ እየገቡ ይተኩት ነበር። እዚህም የፊልሙን ድምፅ ዘግተው ራሳቸው ይተርካሉ። እንግሊዝኛቸው እንደኔ አማርኛ ስለሆነ የሚተረጉሙት የሰሙትን ሳይሆን ያዩትን ነው። ለሰዎቹም የእንግሊዝ ስም አይሰጡም፤ በአዳራሹ ያለውን ሰው ስም ይሰጣሉ። ክፉዋ የቤት አከራይ በበሩ ብቅ ስትል «እትዬ ባዩሽ መጡ፣ ኪራይ ሊጨምሩ ነው!» ይላሉ፤ እትዬ ባዩሽም ከኋላ ወንበር «ለአንተማ ገና እጥፍ አደርገዋለሁ!» ብለው ይመልሳሉ። በዚያ አዳራሽ ጉድጓድ ውስጥ መውደቅ፣ ኬክ ፊት ላይ መመታት፣ በቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ሹመት ነው። ጋሽ ጀላልዲን አንድ ሰሞን ስማቸው ሳይነሣ ቢቆይ «ስንት ቅዳሜ ሆነኝ ሳልወድቅ፣ ምን አስቀየምኩህ?» ብለው ከልባቸው ተቀይመዋል።

እርስዎም በሹመቱ እንዲካፈሉ የተደረገው በዚህ ፍቅር ነው። የመጨረሻውን ቅዳሜ ያስታውሱታል። በፊልሙ ውስጥ ባርኔጣ ያደረገ ኢንስፔክተር አንድ ያረጀ ሆቴል ሊመረምር ይመጣል፤ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ደረጃው ይጮኻል፣ እሱ ግን ምንም ሳያይ «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» እያለ ይፈርማል። ጋሽ ገላው እርስዎ ከኋላ በሩ ላይ መቆምዎን አላዩም። «አቶ ሠረቀብርሃን ከአሌክሳንድሪያ ገቡ!» አሉ። «ገና ከመኪና ሳይወርዱ ደኅና ነው አሉ፤ ጣሪያውን ሳያዩ ደኅና ነው አሉ፤ ደረጃውን ሳይረግጡ ደኅና ነው አሉ፤ አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እየሄዱ ጉድጓዱንም ደኅና ነው ሊሉት ነው!» ኢንስፔክተሩም ወደ ኋላ እየሄደ ገባበት።

አዳራሹ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። ማስታወቂያው በማግሥቱ የተለጠፈው በአጋጣሚ እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስረዳለሁ።

፫

አሁን ወደ ግድግዳው እመጣለሁ። እዚህ ላይ ከምስጋናዬ ይልቅ ፍርሃቴ ቢበዛ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ልክ በዚያች ሰዓት፣ ኢንስፔክተሩ ጉድጓድ ሲገባና ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ ከስክሪኑ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ተነፈሰ። ሌላ ቃል አጥቼለት ነው። በፊልም ውስጥ ያለውን አላልኩም፤ የእኛውን፣ ከጀርባው የሕንፃው ማሞቂያ ያለበትን፣ በላዩ አምስት ፎቅ ሰው የሚኖርበትን ግድግዳ ነው። ወደ እኛ ትንሽ መጣ፣ ተመለሰ። ከስንጥቁ ውስጥ ነጭ አቧራ እንደ ዱቄት ተንጠባጥቦ በጋሽ ጀላልዲን ኮፍያ ላይ አረፈ።

አዛውንቱም ሳቁ። ለወራት ግድግዳ ሲወዛወዝ እየሳቁ ኖረዋልና አሁንም ሳቁ። ጋሽ ገላው «ይኸው፣ የፊልሙ በጀት እዚህም ደረሰ!» አሉ። ጋሽ ጀላልዲን ኮፍያቸውን እያራገፉ «ወላሂ የእኛም ካርቶን ነው!» አሉ። እትዬ ባዩሽ ሳቁ እስኪያስላቸው ድረስ ወንበራቸውን ያዙ። ከወንበሩ የተነሣ አልነበረም። ወደ በሩ የሄደ አልነበረም። እኔ መብራቱን ሳበራ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ሳቁን ይመለከቱ ነበር፤ እኔ ግድግዳውን እመለከት ነበር።

እነዚህን ፊልሞች እወዳቸዋለሁ፤ ያወረሱን ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። ግንብ ሲንቀሳቀስ ካርቶን ነው ብለን እንድናምን አስተምረውናል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከግድግዳው ይልቅ የምፈራው ይህን ነው፤ የሚስቅ ሰው አይሸሽም።

እርስዎ ግን አጥኚ ስለሆኑ ወዲያው ደረሱበት፤ ሰው ስቋል፣ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል፣ ስለዚህ ሳቁ ሰንጥቆታል። በረዶው ሳይቀልጥ ያየሁት ስንጥቅ፣ ያልጮኽኩበት፣ ምናልባት ወደፊት የሚመጣውን ሳቅ አስቀድሞ ሰምቶ ይሆናል።

፬

ግድግዳውን በፍጥነት ስላሳከሙት አመሰግናለሁ። ማኅበሩ መሐንዲስ ይልካል ብለን ስንጠብቅ ቀለም ቀቢ ላከልን፤ ሥራው በአንድ ከሰዓት አለቀ። በስንጥቁ ላይ ክሬም ቀለም፣ በቀለሙ ላይ ደግሞ «እንኳን ደኅና መጣችሁ ልጆች» የሚል ሰፊ ባነር ተሰቀለ። ባነሩ በጣም ያምራል። ጥግ ላይ የእርስዎም ፎቶ አለበት።

ስመለከተው የፊልሞቹ አናጢዎች ትዝ አሉኝ። እነሱም ሣንቃ ቀብተው ግንብ ነው ይላሉ። ነገር ግን አናጢው ሣንቃ መሆኑን ያውቃል፤ ተዋናዩም ያውቃል፤ ስለዚህ አይደገፈውም፣ ከሥሩም ሕፃን አያስቀምጥም። እርስዎ ከእነሱ ሁሉ በለጡ፤ በዚያው በትንሽ ባልዲ ቀለም ራስዎን ጭምር አሳመኑ።

የሕንፃው ማኔጅመንት ጥገናው አዳራሹን የተከራየው ማኅበር ኃላፊነት ነው ይላል፤ ማኅበሩ የማኔጅመንቱ ነው ይላል። ጋሽ ገላው ኮል ሲያደርጉ አንዱ ወደ ሌላው ይመራቸዋል፣ ሌላው ወደ አንዱ ይመልሳቸዋል። በፊልሞቹ ውስጥ ሁለት ወፍራም ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «አይ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ከኋላቸው ቤቱ ይቃጠላል። ያን ስናይ በጣም ያስቀን ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በፊልሞቹ ሰው ሊወድቅ ሲል ሙዚቃው ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ይጠብቃል። ከማስታወቂያዎ ወዲህ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ጸጥ ስላለ ግድግዳው ይሰማል። ወንበር ልመልስ ስወርድ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቼዋለሁ፤ ስኳር ወረቀት ላይ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ቆም ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። በሩም ሲዘጋ ከላይ መያዝ ጀምሯል። በክሬሙ ቀለም ላይ፣ ከባነሩ ወደ ታች፣ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጥቷል፤ እርስዎ ፎቶ ላይ የቆሙበት ቦታ ሥር ነው።

፭

ሶሊ እኅቴ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ ስለምትመልስ እናቴ በደስታ አስመዘገበቻት፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከፊት ረድፍ፣ ከባነሩ ሥር እንድትቀመጥ ተደልድላለች። አዳራሹን ሳሳያት ባነሩን ነክታ በእንግሊዝኛ «ለምንድነው የሚሞቀው?» አለችኝ። ነካሁት። ይሞቃል።

እናቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሁለት ሺፍት ስለምትሠራ አዳራሹን አይታው አታውቅም። ስነግራት «አቶ ሠረቀብርሃን እኮ የተማሩ ሰው ናቸው፤ አደጋ ቢኖር ልጅ ያስገባሉ? አንቺ ደግሞ ሁሉንም ትፈሪያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እፈራለሁ። ስልክ ማንሣት እፈራለሁ፣ ስሜ በክፍል ውስጥ ሲጠራ እፈራለሁ። ነገር ግን ስንት ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንደ እናቴ «እሳቸው ደኅና ነው ካሉ ደኅና ነው» ብሎ እንደሚያምን ሲያስቡት እርስዎ አይፈሩም?

የምጠይቀው ፊልሙ እንዲመለስ አይደለም። ዲቪዲዎቹ ጋሽ ገላው አልጋ ሥር ናቸው፤ እዚያም ቢሆን አይሞቱም። ለኢንስፔክተሩም ይቅርታ እንዲደረግ አልጠይቅም። የምጠይቀው ግድግዳውን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ባነሩን አንሥቶ እስኪያይ ድረስ አንድም ልጅ ከሥሩ እንዳይቀመጥ ነው። ከተሳሳትኩ በአሳንሰሩ ውስጥ ስሜን ለጥፈው ይሳቁብኝ፤ እኔም መጥቼ አብሬ እስቃለሁ።

በሩቅ ሆነው ለሚጠብቁን፣ ሳያዩ ለሚያውቁልን፣ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ለሚያረጋጉን ክቡርነትዎ፣ ከፕሮጀክተሩ ጎን ባለው ባዶ ወንበር ስም፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ
ዕድላዊት
ሲልቨር ስፕሪንግ

ግልባጭ፦
ለካውንቲው የሕንፃ ደኅንነት ቢሮ፤ የእንግሊዝኛውን እኔው ጽፌያለሁ፣ ጋሽ ገላው እንዲተረጉሙት አልፈቀድኩም
ለሕንፃው ማኔጅመንት፤ ከማኅበሩ ቀድሞ በበሩ እንዲያልፍ
ለእናቴ፤ በማቀዝቀዣው ላይ የሚለጠፍ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ ልለጥፍ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወርጄ ነበር። በሩ አልከፈት አለኝ። ቁልፉ ይዞራል፣ መቀርቀሪያው ይለቃል፣ በሩ ግን ከላይ ጉበኑ ተጭኖታል፤ ካለፈው ሳምንት ይልቅ ወርዷል። ጋሽ ጀላልዲንን ጠራኋቸው። መጡ፣ በትከሻቸው ገፉት፣ ከውስጥ ያ የስኳሩ ድምፅ ሲጀምር እጃቸውን አነሡ። «ይኸኛው ካርቶን አይደለም» አሉኝ፤ አልሳቁም። ስለዚህ ቅዳሜ የትምህርቱን መክፈቻ ሪባን ሊቆርጡ ሲመጡ ሶሊና ሌሎቹ ልጆች ከእኔ ጋር ከመንገዱ ማዶ ይቆማሉ፤ አዛውንቱም እንዲሁ። በሩን ማስከፈት ከቻሉ እርስዎ ብቻዎን ይግቡና ባነሩ ሥር ቆመው፣ ግድግዳውን የሰነጠቀው ሳቅ ነው ብለዋልና፣ አንዴ ጮክ ብለው ይሳቁልን። እኛ ከማዶ ሆነን እናዳምጣለን።